ሳይረኑ ያልሰማው ውሃ

ሶሬቲ ወደ ዙሌካ ሱቅ ስትገባ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ዙሌ፣ ሳይረኑ አልጮኸም» አለች።

ዙሌካ እየፈታታች የነበረውን አምፕሊፋየር ትታ ቀና አለች። «መቼ?»

«ዛሬ፣ ሊነጋጋ ሲል። ውሃው ከድልድዩ ስር ሞልቶ ዘንጎቹን ውጧቸው ነበር። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይጮኻል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ጭጭ አለ። ደግነቱ ዝናቡ አባራና ውሃው ወረደ።»

ዙሌካ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን፣ ፒንሳዋንና ካቻቢቴዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከመሳቢያው ጥቂት ትራንዚስተሮች ዘግና ጨመረች፤ የኮንቴይነር ሱቋን ቆለፈችና ሶሬቲን ተከትላ ቁልቁል ወረደች።

ሳይረኑን የሠራችው ራሷ ናት። ሀና ማርያም አካባቢ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር በመጠገን የታወቀች ሴት ስለሆነች፣ ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከድልድዩ በታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ሲገባ ሰው የመጣው ወደ እሷ ነበር። የዚያ ወንዝ ክፋቱ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። እነሱ ጋ ፀሐይ ወጥቶ፣ ልብስ ተሰጥቶ ሳለ፣ ላይ ወደ ብስራተ ገብርኤልና ከዚያም ማዶ የጣለው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። «ዙሌካ የሚጮኽ ነገር ትሥራልን» ብሎ ጎረቤቱን ያሰባሰበው የሶሬቲ ባል ሮበሌ ነው። ሮበሌ ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው ሲያርሱ ከኖሩ ሰዎች የተወለደ ነው፤ ዛሬም ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ያለማል፣ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይነዳል። ሰፈሩ ውስጥ ቃሉ ይሰማል።

የሠራችው ነገር ብዙ ውስብስብ አልነበረም። ከድልድዩ ስር ሁለት የማይዝጉ ዘንጎች ተንጠልጥለዋል። ውሃው ከፍ ብሎ ሁለቱንም ሲነካ፣ በውሃው በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል። ያንን ጥቂት ትራንዚስተር የሚባለው ሦስት እግር ያለው ትንሽ ዕቃ አጉልቶ ሪሌ የምትባለውን ትንሽ ማብሪያ ይስባል። ሪሌዋ ጠቅ ብላ ስትገጥም፣ ሮበሌ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሳይረን ይጮኻል። ግንቦት ላይ ከወንዙ በባልዲ ቀድተው ዘንጎቹን ነክረው ሲሞክሩት፣ ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን ይዞ ሳቀ።

ያን ቀን የሮበሌ አባት አቶ ጉርሜሳ አልጋቸው ላይ ሆነው አስጠርተዋት ነበር። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም፤ በተነሱ ቁጥር ሕመሙ ለቀናት አያስተኛቸውም። ደመና በጠቆረ ቁጥር ተሸክመው ሲያወጧቸውና ውሃው ሳይመጣ ሲቀር መሯቸዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይዋሻል?» ብለው ጠየቋት።

«አይዋሽም፣ አባ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሳይረኑ ካልጮኸ በስተቀር ከአልጋዬ ንክች አልልም ብለው ድርቅ አሉ። ዙሌካ ቁልቁለቱን ስትወርድ ስታስብ የነበረው ይህንኑ ነው።

ድልድዩ ጋ ሮበሌ እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቃቸው። ሳጥኑ ድልድዩ አፍ ላይ ካለው የእንጨት ምሰሶ ላይ ተቸንክሯል።

«ነገረችሽ አይደል?» አለ። «እኔ ግን ዘንጎቹ ጋ የደረሰ አይመስለኝም። ገና አልነጋም ነበር።»

ዙሌካ ሳጥኑን ከፈተች። ባትሪው ሙሉ ነው። የተቃጠለ ነገር አይሸትም፣ የተላቀቀ ሽቦ የለም። ወደ ድልድዩ ስር ዝቅ ብላ ካቻቢቴዋን በሁለቱ ዘንጎች ላይ አጋደመችው። ሳይረኑ ወዲያው አንባረቀ። ውሾች ተንጫጩ፤ ከየአጥሩ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ካቻቢቴውን ስታነሳው ጸጥ አለ።

«ይኸው» አለ ሮበሌ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት። ሶሬቲ የመለሰችለት ግን በአማርኛ ነው፤ ዙሌካም እንድትሰማ።

«መስሎኝ አይደለም። አይቻለሁ።»

ዙሌካ በሁለቱ መካከል ቆመች። እውነቱን ለመናገር ሮበሌን ብታምን ደስ ይላት ነበር። ዕቃው ይሠራል፤ አሁን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ቴሌቪዥኑ በራሱ ጊዜ ጠፋ የሚል ደንበኛ ቤት ሄዳ ሶኬቱ ተነቅሎ ያገኘችበት ቀን ስንት ነው። ሰው በድንጋጤ ያላየውን ያያል። ይህን እያሰበች ዘንጎቹን ለማጥበቅ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ እርጥብ ነገር ነካ። ገለባና የተቀደደ ፌስታል ዘንጎቹ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ከጫፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ።

«ውሃው እዚህ ድረስ ነበር» አለች።

ሮበሌ ጎንበስ ብሎ አየ።

እንግዲህ ዘንጎቹ ውሃ ውስጥ ገብተዋል፣ ሳይረኑም ዝም ብሏል። ምናልባት ቆሻሻው ይሆናል፤ ዝቃጩ ሸፍኗቸው ኤሌክትሪኩን ከልክሎት ይሆናል። ገመዳቸውን ፈትታ ዘንጎቹን ወደ ላይ አወጣቻቸው፤ እስኪያንጸባርቁ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻቸው። ሶሬቲ ከቤት ልብስ ያጠበችበትን ውሃ በባልዲ አመጣችና ነከሩበት። ሳይረኑ ጮኸ። ከማዶ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ።

ዙሌካ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ሲቀልላት ታወቃት። «ቆሻሻው ነው» አለች፤ የሳጥኑን ክዳን ለመግጠም ብሎኑን አነሳች።

ሶሬቲ ባልዲውን አንስታ አልሄደችም። ውስጡ የሚዋኘውን አረፋ ትመለከታለች።

«ጠዋት የመጣው ውሃ ግን» አለች ቀስ ብላ፣ «የልብስ እጣቢ አልነበረም።»

«ሶሬቲ፣ በቃ እንግዲህ» አለ ሮበሌ። «ጮኸ አይደል?»

ዙሌካ ግን ብሎኑን እንደያዘች ቀረች። «ከጣሪያ የሚወርደውን የምታጠራቅሙበት በርሜል አላችሁ?»

«አለ።»

«ከሱ አምጪልኝ።»

ሶሬቲ እጣቢውን ደፍታ፣ ባልዲውን አለቅልቃ የዝናብ ውሃ ሞልታ መጣች። ዙሌካ ዘንጎቹን ከተተች። ምንም የለም። እስከ ባልዲው ወለል ድረስ ሰደደቻቸው። ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም። ሮበሌ ሽቦውን ይዞ ነቀነቀ፤ ለውጥ የለም። ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ ብታስጠጋ ሪሌዋ ጠቅ አትልም።

የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ሪሌዋ ላይ አሳረፈች። አሥራ ሁለት ቮልት ማሳየት ሲገባው አራትም አልሞላም።

«ምንድን ነው?» አለ ሮበሌ።

«ሪሌዋ ልትገጥም ትሞክራለች፤ ግን ጉልበት አልደረሳትም። ግንቦት ላይ በምን ነበር የሞከርነው?»

«በወንዙ ውሃ ነዋ።»

«ግንቦት ላይ እዚህ የሚወርደው ውሃ ነው እንዴ? የከተማው እጣቢ ነው። ሳሙናው፣ ጨዉ፣ የየቤቱ ፍሳሽ። እንዲህ ያለው ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። ደራሹ ጎርፍ ግን የሰማይ ውሃ ነው፤ ጭቃ ቢመስልም ጨውና ሳሙናው ጥቂት ነው። የሚያሳልፈው ትንሽ ነው። ይሄ ትራንዚስተር ያችን ትንሽ ብቻውን ሪሌ እስክትነሳ ድረስ ማጉላት አልቻለም።»

ዙሌካ ስንት ጊዜ ሞክራዋለች። በወንዙ ውሃ፣ በካቻቢቴ፣ በእርጥብ ጨርቅ። ያልሞከረችው በጎርፍ ብቻ ነበር፤ የተሠራው ደግሞ ለሱ ነው።

«ይስተካከላል?» አለች ሶሬቲ።

«ከፊቱ አንድ ሌላ ትራንዚስተር ይቆምለታል። የፊተኛው ትንሿን ተቀብሎ አጉልቶ ለኋለኛው ያቀብላል። ሁለት ከሆኑ ያነሷታል።»

በቀለጠ እርሳስ ለመበየድ፣ ማለትም ሶልደር ለማድረግ፣ ድልድዩ ጋ መብራት የለም፤ ሳጥኑን ነቅሎ ሱቅ ድረስ መውሰድ ደግሞ ሰፈሩን ያለ ምንም መተው ነው። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ቆረጠች፤ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ትራንዚስተር ሦስት እግሮች ለያይታ አንዱን ከአሮጌው ጋር መጠምዘዝ ጀመረች። እግሮቹ ከክር ብዙም አይወፍሩም። አንዱ ከሌላው ከተነካካ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

ስልኳ የጠራው ሁለተኛውን እግር ስትይዝ ነው። ሶሬቲ ከኪሷ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ወንድሟ ሸምሱ ነበር፤ ብስራተ ገብርኤል ወንዙ አጠገብ የጫማ ሱቅ አለው።

«ዙሌ፣ ያ ሳይረን የሠራሽላቸው ሰዎች ጋ ደውዪ» አለ። ከኋላው የዝናቡ ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል። «እዚህ እንዲህ ያለ ጥሎ አያውቅም። ወንዙ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ሱቄን ዘግቼ ፎቅ ላይ ነኝ። ወደ እናንተ እየወረደ ነው።»

ዙሌካ ቀና አለች። የሮበሌ ሰላጣ ላይ ፀሐይ አርፏል። ከድልድዩ ስር ያለው ውሃ ድንጋዮቹን እንኳ አልሸፈነም።

ሦስተኛውን እግር ጠመዘዘች፤ እንዳይነካካ በፕላስተር ጠቀለለችው። ዘንጎቹን የዝናብ ውሃው ውስጥ ከተተች። ሪሌዋ ጠቅ አለች፤ ሳይረኑ ሰፈሩን አናወጠው። እንደ ቅድሙ አላቋረጠችውም፤ እንዲጮኽ ተወችው። ሮበሌ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ቤቶቹ ተመለከተ። የሚወጣ ሰው የለም። አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«ዙሌካ፣ ጆሯችንን አደነቆርሽው እኮ። መቼ ነው የምትጨርሱት?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዙሌካ ዘንጎቹን ከባልዲው አወጣች። ጸጥታው ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራት።

«ለምን አጠፋሽው?» አለ ሮበሌ።

«ሙከራ መስሏቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ስናስጮኸው ውለን አሁን ማን ያምነናል? በየቤቱ መሄድ አለባችሁ። ሙከራው አልቋል በሏቸው። ከእንግዲህ ሰው አይነካውም፤ ከጮኸ ውሃው ራሱ ነው በሏቸው። እስከዚያ ልጅና ሽማግሌ በር ላይ ይዘጋጅ።»

«ካልጮኸስ? ጠዋት እንዳደረገውስ ቢያደርግ?»

«እዚሁ ነኝ። ዘንጎቹን ውሃ ውጧቸው ዝም ካለ በእጄ አስጮኸዋለሁ።»

«በተጠመዘዘ ሽቦ ነው የምትጫወቺው። አባቴ እዚያ ተኝቷል።»

«አውቃለሁ፣ ሮበሌ።»

ሶሬቲ የሁለቱ ክርክር እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ወደ ሩቆቹ ቤቶች እየሮጠች ነበር። ሮበሌ አያት፤ ከዚያ እሱም ዞሮ በቅርብ ያሉትን በሮች እየደበደበ ሄደ።

ዙሌካ ዘንጎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፤ ገመዱን አጠበቀች። ካቻቢቴዋን ይዛ ከምሰሶው ስር ተቀመጠች። ሮበሌ ከቤቱ ወጥቶ ከሩቅ እጁን እያራገበ ጮኾ ነገራት። አባቱ አልነሳም ብለዋል። ውሃው ከጠራኝ እነሳለሁ ነው መልሳቸው። ወንበር ይዞ በራቸው ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተገለበጠ አፈር ሽታ። ቀጥሎ ከላይ በኩል ከባድ መኪና ድንጋይ እንደሚያራግፍ ያለ ድምፅ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ተሸክሞ፣ ጀሪካንና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ብቅ አለ። ድንጋዮቹ ጠፉ። የድልድዩ እግር ግማሹ ጠፋ። ዙሌካ በለሆሳስ ቢስሚላህ አለች።

ውሃው የመጀመሪያውን ዘንግ ጫፍ ላሰ። ሳይረኑ ዝም አለ። ማዕበሉ ከፍ ብሎ ዘንጉን እስከ ግማሹ ዋጠው። አሁንም ዝም። አንደኛውን እግር አጥብቄ አልጠመዘዝሁትም፣ ዘንጎቹን ስመልስ ተላቋል፣ ብላ አሰበች። አንድ ጉልበቷን ድልድዩ ጠርዝ ላይ አድርጋ ወደ ዘንጎቹ ተዘረጋች። ያኔ ነው ሁለተኛው ዘንግ ከመጀመሪያው አጠር ብሎ መታሰሩን ያየችው፤ ውሃው ገና አልደረሰበትም። አንዱን ብቻ ቢነካ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። እጇን አየር ላይ አቆመችው።

ቀጣዩ ማዕበል ሁለቱንም ሸፈናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ሰማች። ወዲያው ሳይረኑ ጮኸ፤ አላቆመም።

በሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈቱ። ልጅ ያዘለ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት ሰው ወደ ዳገቱ ጎረፈ። ቅድም ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ሴት እናቷን ደግፋ ዙሌካን አልፋ ሄደች፤ ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም። ዙሌካ ወደ ሮበሌ ቤት ስትሮጥ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ሮበሌ አባቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ሊያነሳ ይታገላል። በአንድ ወገን ያዘችለት። አቶ ጉርሜሳ ጥርሳቸውን ነክሰው አቃሰቱ እንጂ አውርዱኝ አላሉም።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ወንበሩን አሳረፉት፤ ዙሌካ አጠገቡ ተቀመጠች። ከታች ውሃው በቤቶቹ በሮች ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል። አንድ የጭቃ ግድግዳ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምሰሶው ወደ ጎን አጋደለና ሳጥኑ ከነባትሪው ሄደ። ሳይረኑ ተቋረጠ።

ሮበሌ ሰዉን በዓይኑ መልቀም ጀመረ። አንድ ጊዜ አየ፤ ደግሞ አየ።

«ሶሬቲስ?» አለ።

ማንም አላያትም። ወንዙ ወደሚታጠፍበት የሚያደርሰው መንገድ ውሃ ውስጥ ነው። ሮበሌ ጫማውን አውልቆ መውረድ ሲጀምር ሁለት ሰዎች ያዙት፤ ታገላቸው፤ ሦስተኛ ሰው ተጨመረ። አቶ ጉርሜሳ ከወንበራቸው ሆነው ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ «ተው» ይላሉ። ዙሌካ ተነስታ ቆመች፤ የምታደርገው ግን አልነበራትም። ሰው ሁሉ ወደ መታጠፊያው ያያል። አንድ ሰው የሶሬቲን ስም ጮክ ብሎ ተጣራ፤ መልስ አልመጣም።

የመጣችው ማንም ካልጠበቀው በኩል፣ ከላይ ከአስፋልቱ ነው። የሩቆቹን ቤቶች ሰዎች በአጥር አሻግራ፣ በሰው ግቢ በኩል አዙራ አውጥታቸው ኖሯል። የሰው ሕፃን ታቅፋለች፤ እናቱ ከኋላዋ እያነከሰች ትከተላለች። ሮበሌ የያዙት ሰዎች ሲለቁት ባለበት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሄዶ ሕፃኑን ከእጇ ተቀበላት፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ጎረቤቶቹ ዙሌካን ከበው አንቺ ባትኖሪ እያሉ ሲመርቋት ሮበሌ ሕፃኑን እንደያዘ መጣ።

«ጠዋት አለመጮኹን ያየችው ሶሬቲ ናት» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔ አላመንኳትም። ዙሌካን ጎትታ ያመጣቻትም እሷ ናት።»

ሶሬቲ የተቀደደ ቀሚሷን ጠርዝ እየጨመቀች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም፤ እጇ ግን ቆመ።

ውሃው ሳይመሽ ጎደለ። ሰው አልሞተም። የሮበሌ የአትክልት መደብ እስከ ሥሩ ታጥቦ ሄዷል፤ የአንድ ጎረቤት ጥጃ ጠፍቷል፤ ሦስት ቤቶች ሰው የማያድርባቸው ሆነዋል። አቶ ጉርሜሳ በማግሥቱ ክረምቱ እስኪወጣ ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ልሂድ ብለው ራሳቸው ጠየቁ፤ ሮበሌ ባጃጁ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ወሰዳቸው።

አዲሱ ሳጥን የተገጠመው ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ ግንብ ላይ ነው። ዙሌካ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን የትራንዚስተር እግር በደንብ ሶልደር አድርጋዋለች። የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን የሚል ጥያቄ ሲነሳ ሮበሌ የሚስቱን ስም ጠራ። የተቃወመ አልነበረም።

ሶሬቲ ቁልፉን ተቀበለች፤ ግን ወዲያው አልሄደችም።

«ቁልፍ ይዤ ምን አደርጋለሁ? ሲበላሽ አንቺን ልጠራ ነው?» አለች ዙሌካን። «ያንን የምትለኪበትን አሳይኝ።»

ዙሌካ ቴስተሩን ሰጠቻት። ሁለቱም ግንቡ ስር ቁጢጥ አሉ። ሶሬቲ ቀዩንና ጥቁሩን ጫፍ አቀያይራ ባትሪው ላይ አሳረፈችው፤ ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ መጣ። ዙሌካ እጇን ልትዘረጋ ስትል ሶሬቲ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«ቆይ» አለች። «እኔው ላግኘው።»